ትርታው የተዛባ ታካሚ ሲመጣ፦ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን የመለየትና የማከም መመሪያ

ከወረዳና ከዞን ሆስፒታሎች ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ወጣት ሴት ናት፤ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ትርታዋ 150 ነው፤ ወጥ አይደለም። ዲጎክሲን ልጀምርላት?» ዲጎክሲን የልብን ምት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ትርታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም የልብ የላይኛው ክፍል ያለ ሥርዓት መንዘር ነው። መልሱ በአንድ ቃል አያልቅም። ስለዚህ በስልክ የምናገረውን ሁሉ እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። የጻፍኩት በጠቅላላ ሐኪምነት፣ በጤና መኮንንነትና በነርስነት ለምትሠሩ ባልደረቦቼ ነው። የመድኃኒት መጠኖቹ ለአዋቂ ታካሚ ብቻ ናቸው። ታካሚ ሆናችሁ የምታነቡት ከሆነ ደግሞ ከዚህ አንብባችሁ መድኃኒት አትጀምሩ፣ የያዛችሁትንም አታቋርጡ።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ያዙ። ምቱን ማብረድ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ደም በልብ ውስጥ እንዳይረጋ መከላከል ነው። ምቷ በርዶ፣ ትንፋሿ ተመልሶ፣ ደም ማቅጠኛ ሳይታዘዝላት ወደ ቤቷ የሄደች ታካሚ ከወራት በኋላ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ ልትመለስ ትችላለች። ይህ ልንከላከለው የምንችለው ጉዳት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጆሮ ማዳመጫ (ደወል ያለው)፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ በእጅ የሚነፋ የደም ግፊት መለኪያ
- የኢሲጂ ማሽን (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚያሳይ)፣ ወረቀት፣ ጄል፣ ከመሬት ጋር በደንብ የተያያዘ የኤሌክትሪክ መስመር
- ኦክስጅን፣ የደም ሥር መስመር፣ የኦክስጅን መጠን መለኪያ
- ዲፊብሪሌተር፣ ለልብ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ማሽን (ኤሌክትሪኩን ከምቱ ጋር የሚያገጣጥመው የማመሳሰያ ቁልፉ የሚሠራ መሆኑ አስቀድሞ የተረጋገጠ)
- የላቦራቶሪ ምርመራ፦ አይኤንአር (ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ ቁጥር)፣ ፖታሲየም፣ ክሬያቲኒን (የኩላሊት)፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕላትሌት፣ ቲኤስኤች (የእንቅርት)፣ የእርግዝና ምርመራ
- መድኃኒት፦ ሜቶፕሮሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል፣ ዲጎክሲን፣ ፉሮሰማይድ (ውኃ የሚያሸና)፣ ዋርፋሪን (በአፍ የሚወሰድ ደም ማቅጠኛ)፣ ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን (በመርፌ የሚሰጡ ደም ማቅጠኛዎች)፣ ቫይታሚን ኬ፤ ከተገኘ አሚዮዳሮን
- የልብ አልትራሳውንድ፣ ወይም አልትራሳውንድ የሚሠራበት ሆስፒታል ስልክ ቁጥር

ደረጃ 1፦ ትርታውን ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ

አሥራ አምስት ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት እዚህ አይሠራም። ምቱ ወጥ ስላልሆነ በአንዱ ሩብ ደቂቃ 25፣ በሚቀጥለው 38 ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሁለት ሰው ሁኑ። አንዱ ማዳመጫውን በልብ ጫፍ ላይ ያሳርፍ፤ ሌላው የእጅ አንጓ ላይ ትርታ ይያዝ፤ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ምልክት ጀምራችሁ ስልሳ ሰከንድ ቁጠሩ። በልብ 142፣ በእጅ 104 ከሆነ የጎደሉት 38 ምቶች ልብ ሳይሞላ የተኮማተረባቸው ናቸው፤ ወደ እጅ የሚደርስ ደም አልገፉም። ስለዚህ በዚህ ሕመም የሚጻፈው ቁጥር ከልብ ጫፍ የተቆጠረው ነው። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ የሚያሳየውን የምት ቁጥር አትመኑት፤ ልብ 140 እየመታ እርሱ 90 ሊያሳይ ይችላል።

የደም ግፊቱንም በእጅ ሦስት ጊዜ ለኩና አማካዩን ጻፉ። እያንዳንዱ ምት የተለያየ መጠን ያለው ደም ስለሚገፋ አንድ ልኬት ያሳስታል፤ ማሽኑም ይሳሳታል።

ደረጃ 2፦ በኢሲጂ አረጋግጡ

በእጅ የተገኘ የተዛባ ትርታ ጥርጣሬ ነው፤ ምርመራ የሚሆነው በኢሲጂ ነው። ከማንሳታችሁ በፊት የወረቀቱ ፍጥነት በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር መሆኑን ተመልከቱ። አሥራ ሁለቱን ሊዶች ካነሳችሁ በኋላ የሁለተኛውን ሊድ ረጅም መስመር ለብቻው አውጡ። ታካሚዋ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ከሆነ መጀመሪያ ብርድ ልብስ ደርቡላት፤ የጡንቻ መንቀጥቀጥ ወረቀቱ ላይ ልክ ፊብሪሌሽን ይመስላል።

አሁን አንድ ባዶ ወረቀት ከረጅሙ መስመር ሥር አስጠጉ። የአራት ተከታታይ ኪውአርኤሶችን (የልብ የታችኛው ክፍል መኮማተርን የሚያሳዩትን ሹል ሞገዶች) ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ቀኝ አንሸራቱት። ምልክቶቹ በሌላ ቦታ ካሉት ኪውአርኤሶች ጋር በየትም በኩል ካልገጠሙ መዛባቱ ምንም ሥርዓት የሌለው ነው። ምቱ ከ170 በላይ ሲሆን ዓይን ወጥ አድርጎ ያየዋል፤ ወረቀቱ ግን አይታለልም።

ቀጥሎ ፒ ሞገድ (ከኪውአርኤሱ በፊት የሚመጣውን፣ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መኮማተሩን የሚያሳየውን ትንሽ ሞገድ) ፈልጉ። ዋነኛ ቦታዎቹ ሁለተኛው ሊድና ቪ1 ናቸው። ፒ ሞገድ ከሌለና የመሠረቱ መስመር ሥርዓት በሌለው ንዝረት ከተሞላ ምርመራው ተጠናቋል። የማይትራል ቫልቭ (በልብ የግራ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር) ጥበት ባለባቸው ታካሚዎች ግን የግራው የላይኛው ክፍል ስለሚለጠጥ በቪ1 ላይ ያለው ንዝረት ደልደል ብሎ ፒ ሞገድ ሊመስል ይችላል። ቅርጹ ከምት ምት ይለዋወጣል? ከኪውአርኤሱ ያለው ርቀት ይለያያል? ሁለቱም አዎ ከሆነ ፒ ሞገድ አይደለም።

ለፍጥነቱ 30 ትላልቅ ሳጥኖች ቁጠሩ፤ ይህ 6 ሰከንድ ነው። በውስጡ ያሉትን ኪውአርኤሶች በ10 አባዙ።

የሚያምታቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ኤትሪያል ፍላተር ነው፤ በመጋዝ ጥርስ ቅርጽ፣ በደቂቃ ወደ 300 የሚጠጉ ወጥ ሞገዶች ይታያሉ። የደም ማቅጠኛው ውሳኔ ከፊብሪሌሽን ጋር አንድ ነው። ሁለተኛው የረጅም ጊዜ የሳንባ ሕመም ባለባቸው ላይ የሚታይ፣ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ቅርጽ ያላቸው ፒ ሞገዶች ያሉበት ፈጣን ምት ነው፤ ይህ የሚታከመው ሳንባውን በማከም ነው። ሦስተኛው በጤናማ ሳይነስ (መደበኛ) ምት መካከል ቀድመው የሚገቡ ምቶች ናቸው። ወረቀቱን ስታንሸራትቱ አብዛኛው ቦታ ይገጥማል።

ሁለት ወረቀቶች ሲያጋጥሟችሁ ቆም በሉ፦

*ሰፊ ኪውአርኤስ፣ የተዛባ፣ ከ200 በላይ የሚሮጥ።* በልብ ውስጥ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ያለው ሰው ላይ የመጣ ፊብሪሌሽን ሊሆን ይችላል። ዲጎክሲን፣ ቬራፓሚል፣ ሜቶፕሮሎልም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ አሚዮዳሮን አትስጡ። መደበኛውን መንገድ ስትዘጉ ምቱ ሁሉ በተጨማሪው መንገድ ይጎርፍና ልብ ሊቆም ይችላል። ፕሮካይናማይድ ከሌለ ሕክምናው በኤሌክትሪክ ማስተካከል ነው።

*ፊብሪሌሽን እንዳለባት የምትታወቅና ዲጎክሲን የምትወስድ ታካሚ ምቷ በድንገት ወጥና ዘገምተኛ ሲሆን።* «ተስተካከለች» ብላችሁ አትደሰቱ። ፒ ሞገድ ከሌለ ይህ የዲጎክሲን መርዛማነት ነው፤ መድኃኒቱን አቁሙ፣ ፖታሲየም ለኩ።

ደረጃ 3፦ ዛሬ አደጋ ላይ ናት ወይስ አይደለችም?

ላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች፣ የንቃት መቀነስ፣ የደረት ሕመም፣ በሳንባ ውኃ መሙላት፤ ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጣዩን ጥያቄ ጠይቁ። ችግሩን ያመጣው ምቱ ነው ወይስ ምቱን ያስሮጠው ሌላ ችግር ነው? ሴፕሲስ (ሰውነትን ሁሉ ያወከ ኢንፌክሽን) ያለባት፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ወይም የሳንባ ደም ሥሯ የተዘጋ ታካሚ ልቧ 140 የሚመታው ለመኖር ሲል ነው። በዚያ ላይ ምት የሚያበርድ መድኃኒት ከሰጣችሁ የቀራትን አቅም ትነጥቋታላችሁ። ትኩሳት፣ የደም መፍሰስ፣ የእግር እብጠት መኖሩን በሁለት ደቂቃ ውስጥ መርምሩ።

ቫልቩ ጤናማ በሆነ ልብ ላይ ከ150 በታች ያለ ምት ብቻውን ሰውን ወደ ሾክ አይከትም ማለት ይቻላል። የማይትራል ጥበት ላለባት ግን 120 እንኳን ሳንባዋን በውኃ ሊሞላ ይችላል። ደም በጠባቡ በር የሚያልፈው ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ነው፤ ምቱ ሲፈጥን ይህ ጊዜ ያጥራል፤ ያልፈሰሰው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል።

ምቱ ራሱ አደጋ ላይ ከጣላት እንዲህ ቀጥሉ፦

1. ኦክስጅን ስጡ፤ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ የደም ሥር መስመር ክፈቱ፤ ደም ለላቦራቶሪ ውሰዱ።
2. ሄፓሪን ስጡ (ደም የሚፈሳት ካልሆነ)። ኤሌክትሪኩ የተቀመጠውን የረጋ ደም ሊያባርር ይችላል፤ ከዚያም በኋላ የላይኛው ክፍል ለቀናት ደንዝዞ ስለሚቆይ አዲስ ደም ይረጋል።
3. ነቅታ ከሆነ ዲያዚፓም ወይም ሚዳዞላም በትንሽ በትንሹ ስጡ። ሳያስተኙ ኤሌክትሪክ መስጠት ጭካኔ ነው።
4. የማመሳሰያ ቁልፉን ተጫኑ። በእያንዳንዱ ኪውአርኤስ ላይ ምልክት መታየቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ።
5. ከ120 እስከ 200 ጁል በባይፌዚክ፣ 200 በሞኖፌዚክ ማሽን ስጡ።
6. ካልተመለሰ የማመሳሰያ ቁልፉን እንደገና ተጫኑ። ብዙ ማሽኖች ኤሌክትሪክ ከሰጡ በኋላ በእያንዳንዱ ጊዜ ቁልፉን ራሳቸው ያጠፉታል። ሳይመሳሰል የተሰጠ ኤሌክትሪክ በተሳሳተው ቅጽበት ካረፈ ልብን ያቆማል።

ዲፊብሪሌተር ከሌለ አሚዮዳሮን 150 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮስ ውስጥ በጥብጣችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስጡ። በኖርማል ሳላይን አትበጥብጡት። ግፊቱን በየአምስት ደቂቃው ለኩ፤ ይወርዳል። እርሱም ምቱን ወደ ሳይነስ ሊመልስ ስለሚችል ሄፓሪኑ እዚህም ያስፈልጋል።

አደጋ ላይ ካልሆነች አትቸኩሉ። ፊብሪሌሽኑ የጀመረበት ሰዓት በእርግጠኝነት ካልታወቀ ምቱን ለመመለስ አትሞክሩ። የቆየው ልማድ 48 ሰዓት ሲሆን፣ የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ወደ 24 ሰዓት አሳጥሮታል። ከዚያ ካለፈ ቢያንስ ሦስት ሳምንት በትክክለኛ መጠን ደም ማቅጠኛ መውሰድ ይቀድማል፤ ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ አራት ሳምንት።

ደረጃ 4፦ ቫልቩን ፈልጉ

ቀጥሎ የሚመጣው ውሳኔ ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ጊዜ ስጡት። በእኛ አገር ፊብሪሌሽን የአረጋውያን ሕመም ብቻ አይደለም፤ በሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ኢንፌክሽን በኋላ በሚመጣ የቫልቭ ጉዳት) ምክንያት በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ያሉ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች ይዘውት ይመጣሉ።

ታካሚዋን በግራ ጎኗ አስተኟት። የማዳመጫውን ደወል በልብ ጫፍ ላይ ቆዳውን ሳትጫኑ በቀላሉ አሳርፉት፤ ከተጫናችሁት ደወሉ እንደ ዲያፍራም ይሆንና ዝቅተኛውን ድምፅ ይውጠዋል። አየር አስወጥታ ትንፋሿን እንድትይዝ ጠይቋት። ጠንካራ የመጀመሪያ ድምፅ፣ ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ አጭር ጠቅታ፣ ከዚያም ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ከሰማችሁ የማይትራል ጥበት ነው። ምቱ 150 ሲሆን ጉርምርምታው ላይሰማ ይችላል። «ጉርምርምታ የለም» ብላችሁ መዝገቡን አትዝጉ፤ ምቱ ከበረደ በኋላ ተመልሳችሁ አዳምጡ።

አልትራሳውንድ ካለ ሦስት ጥያቄ ይመልሳል፦ ቫልቩ ጠቧል? የግራው የታችኛው ክፍል ጉልበት ምን ያህል ነው? በላይኛው ክፍል የረጋ ደም ይታያል? በደረት በኩል የሚደረገው ምርመራ የረጋ ደም ካላሳየ የለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ ከሌለና ታካሚዋ ወጣት ከሆነች፣ ሩማቲክ አይደለም እስኪባል ድረስ ሩማቲክ እንደሆነ ቆጥራችሁ ያዟት።

ሌሎች መንስኤዎችን በአጭሩ ጠይቁ፤ የእንቅርት እብጠት፣ ክብደት መቀነስና የእጅ መንቀጥቀጥ ካለ ቲኤስኤች፤ የደም ግፊት ታሪክ፤ የአልኮል መጠን፤ ቅርብ ወሊድ፤ የሳንባ ምች፤ የደም ማነስ።

ደረጃ 5፦ ምቱን አብርዱ

*ግፊቷ ጥሩ ከሆነና የልቧ ጉልበት ካልደከመ* ቤታ ብሎከር ይቀድማል። ሜቶፕሮሎል ታርትሬት 25 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ጀምራችሁ ከፍ አድርጉ፤ ወይም ፕሮፕራኖሎል ከ10 እስከ 40 ሚሊ ግራም በቀን ሦስቴ፤ ወይም አቴኖሎል ከ25 እስከ 100 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ (ኩላሊት ከደከመ ቀንሱ፤ ለነፍሰ ጡር አትምረጡት)። አስም ካለባት አትስጡ።

ለምን ዲጎክሲን አልቀደመም? ዲጎክሲን የተኛችን ታካሚ ምት ያበርዳል፤ ተነስታ ውኃ ስትቀዳ ግን ምቷ እንደገና ይሮጣል። የማይትራል ጥበት ያለባት ሴት ደግሞ ትንፋሽ የሚያጥራት ስትንቀሳቀስ ነው።

*ሳንባዋ በውኃ ከተሞላ* ፉሮሰማይድ 40 ሚሊ ግራም በደም ሥር አስቀድሙ። ከዚያ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ጉልበቱ ደህና በሆነና ቫልቩ በጠበበ ልብ ላይ ምቱን በጥንቃቄ ማብረድ ራሱ የሳንባውን ውኃ ያወርዳል፤ በተለጠጠና በደከመ ልብ ላይ ግን በዚያው ሰዓት የተሰጠ ቤታ ብሎከር ወደ ሾክ ይወስዳል። የትኛው እንደሆነ የሚለየው አልትራሳውንድ ነው። መለየት ካልቻላችሁ ዲጎክሲን ምረጡ።

*ዲጎክሲን፦* ኩላሊቷ ጤናማ ለሆነ አዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም፣ ከ6 ሰዓት በኋላ 0.25፣ ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 0.25። ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጅበት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለውጥ ካላያችሁ አትጨምሩ። የማቆያ መጠኑ በቀን 0.125 ሚሊ ግራም ነው፤ 0.25 ለወጣትና ጤናማ ኩላሊት ላላት ብቻ። ለአረጋውያንና ለኩላሊት ሕመምተኞች ሁሉንም መጠን ቀንሱ።

ማስጠንቀቂያ። ፉሮሰማይድ ፖታሲየም ያጥባል፤ ፖታሲየም ያነሰበት ልብ በተለመደው የዲጎክሲን መጠን እንኳን ይመረዛል። ሁለቱን አንድ ላይ ካዘዛችሁ ፖታሲየምን ከ4 በላይ ለማቆየት ተከታተሉ። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ሆኖ መታየት፣ ከ60 በታች የወረደ ምት ካለ መድኃኒቱን አቁማችሁ ኢሲጂ አንሱ። ማቅለሽለሹን የጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ማዘዝ ደጋግሜ ያየሁት ስሕተት ነው። አሚዮዳሮን ከተጨመረ ዲጎክሲኑን በግማሽ ቀንሱ።

ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም ለደከመ ልብ አይሰጡም፤ ከቤታ ብሎከር ጋርም በደም ሥር አይቀላቀሉም።

ግቡ ምንድን ነው? ለአብዛኛው ታካሚ በእረፍት ጊዜ ከ110 በታች ይበቃል። የማይትራል ጥበት ላለባት ግን ከ80 በታች ፈልጉ። ከመውጣቷ በፊት በኮሪደሩ ሁለቴ አመላልሷትና ወዲያው ቁጠሩ። ተኝታ 76፣ ተራምዳ 150 ከሆነች ገና አልበረደችም።

ደረጃ 6፦ ደም እንዳይረጋ አድርጉ

መካከለኛ ወይም ከባድ የማይትራል ጥበት ካለ፣ ወይም በብረት የተተካ ቫልቭ ካለ መድኃኒቱ ዋርፋሪን ነው፤ የስትሮክ ስጋት ነጥብ መቁጠር አያስፈልግም። የ24 ዓመት ወጣት ብትሆንም፣ ስኳርም ግፊትም ባይኖርባትም ትጀምራለች። አዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች (እንደ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉት) የአይኤንአር ክትትል ስለማይፈልጉ ያጓጓሉ። ነገር ግን በሩማቲክ ታካሚዎች ላይ ሪቫሮክሳባንን ከዋርፋሪን ዓይነቶች ጋር ያወዳደረውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ ጥናት በዋርፋሪን ወገን ያሉት ያነሰ ሞት እንዳጋጠማቸው አሳይቷል።

ይህ የቫልቭ ችግር ከሌለ ነጥብ ቁጠሩ፦ የልብ ድካም 1፣ የደም ግፊት 1፣ ስኳር 1፣ የደም ሥር ሕመም 1፣ ዕድሜ ከ65 እስከ 74 ከሆነ 1፣ 75 እና ከዚያ በላይ ከሆነ 2፣ ቀደም ያለ ስትሮክ 2። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ጀምሩ፤ አንድ ከሆነ ከታካሚው ጋር ተመካከሩ። እዚህ ላይ ከተገኘ አፒክሳባን 5 ሚሊ ግራም በቀን ሁለቴ ይመረጣል። ወደ 2.5 የሚወርደው ከሦስቱ ሁለቱ ሲሟሉ ነው፦ ዕድሜ 80 እና በላይ፣ ክብደት 60 ኪሎ እና በታች፣ ክሬያቲኒን 1.5 እና በላይ። የብዙ ታካሚዎቻችን ክብደት ከ60 በታች ስለሆነ በክብደት ብቻ የሚቀንስ ሐኪም ብዙ ነው፤ ያኔ ታካሚው ሳይጠበቅ ይቀራል።

አስፕሪን የዋርፋሪን ምትክ አይደለም። ስትሮክ በበቂ አይከላከልም፤ ደም ግን ያፈስሳል።

*ዋርፋሪን አጀማመር።* መነሻ አይኤንአር፣ ሄሞግሎቢን፣ ፕላትሌትና የእርግዝና ምርመራ ከተደረገ በኋላ በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ። ለአረጋዊ፣ ለከሳ፣ ጉበቱ ላበጠ ወይም የልብ ድካሙ ለከበደ ሰው 2.5። ምሽት የሚመረጠው ቀን የተለካው ውጤት ደርሶ የዚያኑ ዕለት መጠን ለማስተካከል ስለሚመች ነው። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ለኩ፤ ከዚያ ሁለት ተከታታይ ውጤት ግቡ ውስጥ እስኪገባ በሳምንት ሁለቴ፤ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ፤ ሲረጋ በየወሩ። ግቡ ከ2 እስከ 3 ነው። ለብረት ቫልቭ ግቡ ከፍ ሊል ስለሚችል የልብ ሐኪሙን ጠይቁ።

ውጤቱ ሲመጣ የምታስተካክሉት የሳምንቱን ድምር መጠን ነው፦

- ከ1.5 በታች፦ ከ10 እስከ 20 በመቶ ጨምሩ
- ከ1.5 እስከ 1.9፦ ከ5 እስከ 10 በመቶ ጨምሩ
- ከ2 እስከ 3፦ አትንኩት
- ከ3.1 እስከ 3.9፦ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ
- ከ4 እስከ 4.9፣ ደም ሳይፈስ፦ አንድ ቀን ዝለሉ፣ 10 በመቶ ቀንሱ
- ከ5 እስከ 10፣ ደም ሳይፈስ፦ አቁሙ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድገሙ፣ ሲወርድ በቀነሰ መጠን ጀምሩ
- ከ10 በላይ፣ ደም ሳይፈስ፦ አቁሙ፣ ቫይታሚን ኬ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም በአፍ
- በማንኛውም ቁጥር ከባድ ደም መፍሰስ፦ አቁሙ፣ ቫይታሚን ኬ 10 ሚሊ ግራም በዝግታ በደም ሥር፣ ፕላዝማም ስጡ። ልቧ የደከመ ከሆነ የፕላዝማው ብዛት ራሱ ሳንባ ሊሞላ ስለሚችል ተከታተሉ።

ከመጨመራችሁ በፊት ግን እንዴት እንደምትወስደው አሳዩኝ በሏት። ባለ 5ቱን ክኒን በምላጭ ለሁለት ስትከፍል አንዱ ወገን ትልቅ፣ ሌላው ፍርፋሪ የሚሆንባት ታካሚ አይኤንአሯ የሚዋዥቀው በዚያ ሊሆን ይችላል። ባለ 2.5 ክኒን ካለ እርሱን እዘዙ።

*የመድኃኒት ግጭት።* ኮትራይሞክሳዞል፣ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ፍሉኮናዞልና አሚዮዳሮን አይኤንአርን ወደ ላይ ይሰቅላሉ። አሚዮዳሮን ሲጀመር ዋርፋሪኑን ከ30 እስከ 50 በመቶ መቀነስ ያስፈልጋል። ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ይጎትታል፤ የቲቢ ሕክምና የጀመረች ታካሚ የዋርፋሪን መጠኗ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ትልቁ አደጋ ግን የቲቢ ሕክምናው ያለቀ ዕለት ይጀምራል፤ የጨመራችሁትን መጠን ካልቀነሳችሁ በሳምንታት ውስጥ ደም ይፈሳል። የቲቢ ክፍሉ የማብቂያውን ቀን አስቀድሞ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ክልክል ናቸው፤ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይበቃል።

*ምግብና ጾም።* ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ ዋርፋሪንን ያደክማል። «ጎመን አትብዪ» ማለት ግን ትክክል አይደለም፤ የሚያስፈልገው መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም ገበታው በጎመን ሊሞላ፣ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ጎመኑ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንትና ከተፈታ በኋላ ተጨማሪ ልኬት ያዙ። ረመዳን የሚጾሙ ታካሚዎች ከአፍጥር በኋላ ቢወስዱት ምንም አይጎዳቸውም። ጸበል የሚሄዱ ካሉ ሳትቆጡ ጠይቁ። የተቆጣችሁት ሰው መድኃኒቱን ማቋረጡን አይነግራችሁም። «ይዘሽው ሂጂ፤ ስንት ቀን ትቆያለሽ?» በሏትና የሚበቃትን ስጧት።

*ልጅ የመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች።* ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ጽንሱን ሊያጎድል ይችላል። በታዘዘበት ዕለት ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ተነጋገሩ፤ ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን ደም ስለሚያረጋ አይመረጥም፤ በክንድ የሚቀበረው ጥሩ ነው። «የወር አበባሽ በአንድ ሳምንት ከዘገየ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ፤ ግን መድኃኒቱን በራስሽ አታቋርጪ» የሚለውን በቃሏ እንድትደግምላችሁ አድርጉ። ካረገዘች ኢኖክሳፓሪን በኪሎ 1 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ተክታችሁ ወዲያው ወደ ልብና ወደ ማህፀን ሐኪም ላኳት።

*አይኤንአር የማይለካበት ቦታ ያለች ታካሚ።* ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። ሳይለካ ዋርፋሪን መስጠት አደጋ ነው፤ አለመስጠትም አደጋ ነው። እኔ የምመክረው፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ላቦራቶሪ ባለበት ከተማ ዘመድ ዘንድ እንድትቆይ ማመቻቸት፣ መጠኑ ከረጋ በኋላ በወር አንዴ በገበያ ቀን መጥታ እንድትለካ ማድረግ፣ ውጤቱንም በስልክ መንገር። ይህ በምንም መንገድ ካልተቻለ ብቻችሁን አትወስኑ፤ ወደምትልኳት ሆስፒታል ደውሉ።

ደረጃ 7፦ ከመውጣቷ በፊት

ሩማቲክ ከሆነ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት በየ3 እስከ 4 ሳምንቱ መጀመሩን አረጋግጡ። ዋርፋሪን ላይ ናት ተብሎ መርፌው አይቋረጥም፤ አይኤንአሩ ግቡ ውስጥ ሲሆን ይሰጥና ቦታው ለብዙ ደቂቃ ተጭኖ ይያዛል። ቫልቩ በጣም የጠበበና የልብ ድካሙ የከበደ ከሆነ ግን መርፌው ከመሰጠቱ በፊት የልብ ሐኪም አማክሩ፤ በአፍ የሚወሰደው ሊመረጥ ይችላል።

በማይትራል ጥበት ላይ ፊብሪሌሽን መጨመሩ ቫልቩ በባሉን ወይም በቀዶ ሕክምና መከፈት እንዳለበት የሚጠቁም ምልክት ስለሆነ ምቷ በረደ ብላችሁ ሪፈሩን አታዘግዩ። በደብዳቤው ላይ የኢሲጂውን ቅጂ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት የአይኤንአር ውጤቶች ከነቀናቸው፣ የዋርፋሪኑን የሳምንት መጠንና ክሬያቲኒኑን ጻፉ። «የልብ ሕመም፣ ለተሻለ ሕክምና» የሚል ደብዳቤ የሚቀበላትን ሐኪም ከዜሮ ያስጀምረዋል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

- ታካሚዋን በዲጎክሲንና በፉሮሰማይድ ብቻ አስወጥቶ ደም ማቅጠኛውን ለሚቀጥለው ቀጠሮ ማቆየት። ቀጠሮው ሦስት ወር ነው፤ ደም ለመርጋት ሦስት ወር አይጠብቅም።
- ምቱ ወደ ሳይነስ ስለተመለሰ ዋርፋሪን ማቆም። ፊብሪሌሽን ሳይሰማ ይመላለሳል፤ በጠበበ ቫልቭ ላይ ደም ማቅጠኛው ይቀጥላል።
- ስትሮክ ይዞ የመጣን ታካሚ ሲቲ ሳይነሳ ሄፓሪን መጀመር። ደም የፈሰሰበት ጭንቅላት ከሆነ ትገድሉታላችሁ።
- አንድ እግሯ በድንገት የቀዘቀዘና ትርታ ያጣን ታካሚ የነርቭ ነው ብሎ ማሳደር። የረጋ ደም ወደ እግርም ይሄዳል፤ ሄፓሪን ተሰጥቶ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።
- አይኤንአር 6 ሆኖ ደም ሳይፈስ ብዙ ቫይታሚን ኬ በመርፌ መስጠት። ከዚያ በኋላ ዋርፋሪኑ ለቀናት አይሠራም፤ የብረት ቫልቭ ካላት ቫልቩ ሊዘጋ ይችላል።
- ትርታውን ነርሷ ከማሽኑ ላይ አንብባ እንድትጽፍ ማድረግ። ማዳመጫውን ስጧት፤ ከልብ ጫፍ ሙሉ ደቂቃ ትቁጠር፤ በመዝገቡም ላይ «ከልብ ጫፍ» ብላ ትጻፍ።